«ከቤት አይውጡ» የሚል ስልክ

ስልክ የአየር ብክለት ይለካል ሲባል፣ ውስጡ ብናኝ የሚቆጥር ነገር ያለ ይመስላል። የለም። ወይ በሌዘር ብርሃን ብናኝ የሚለካ ትንሽ ሴንሰር ይገናኝለታል፣ ወይ ደግሞ በካሜራው ሰማዩን አንስቶ ከጭጋጉ ይገምታል። ግምቱን የሚሠራው ማሽን ለርኒንግ ነው፤ ብዙ የሰማይ ፎቶዎችን በዚያው ሰዓት ጣቢያ ላይ ከተመዘገበ ልኬት ጋር እያያያዘ የተማረ ፕሮግራም። የሚፈልገው ፒኤም 2.5ን ነው፤ ከፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ገደማ የሚያንስ፣ ሳንባ ዘልቆ ደም ድረስ የሚገባ ብናኝ።

እሺ፣ አወቅን። ከዚያስ?

ቁጥሩ ሲቀላ አፑ ይመክራል፦ ከቤት አይውጡ፣ መስኮት ይዝጉ። ለማን እንደተጻፈ ልብ በሉ። መገናኛ ቆሞ «ፒያሳ! ፒያሳ!» የሚለው ረዳት ካልወጣ አይበላም። የጉሊቷ እናት የምትዘጋው መስኮት የላትም። በእንጨት እንጀራ የምትጋግረው ደግሞ ቤት መቀመጡ ይብስባታል፤ ጭሱ እዚያው ምጣዱ ሥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የቤት ውስጥ ጭስ 3.2 ሚሊዮን ሰው ገድሏል።

የሚከነክነኝ ይሄ ነው፦ ማወቅ በየኪሳችን ሲገባ፣ ጥፋቱም ወደ ኪሳችን ይገባል። «ስልክህ ነግሮህ የለ እንዴ?» ይባላል። ጭሱን የለቀቀው ዝም ተብሎ የተነፈሰው ይጠየቃል። አየር ደግሞ እንደ ውሃ በየጀሪካን አይቀዳም፤ የኔን ብቻ አጣርቼ የምኖርበት መንገድ የለም።

አለማወቅ ይሻላል እያልኩ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ለዓመታት በይፋ ይታይ ከነበረው ልኬት አንዱ የአሜሪካ ኤምባሲ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የኤምባሲዎቹን ልኬት ማጋራት አቆመ። የምንተነፍሰውን የሚነግረን ሌላ አገር ከሆነ፣ ዝም ማለቱም የሱ ውሳኔ ነው። (የስልኩም ፕሮግራም ቢሆን ጣቢያ ከሌለ ከምን ይማራል?)

አንድ ስልክ ላይ ያለ ቁጥር ለባለቤቱ ማስፈራሪያ ነው። የሰፈር ሰው የወር ቁጥሩን ሰብስቦ ወረዳ ሲሄድ ግን አቤቱታ ይሆናል። «ይሄ እኮ በፎቶ የተገመተ ነው» የሚል ኃላፊ አይጠፋም፤ እውነቱን ነው። ያኔ መልሱ ቀላል ነው፦ እንግዲያው በየክፍለ ከተማው አንድ ደህና ጣቢያ ትከሉና ግምታችንን አርሙልን።