ድንገተኛ ሲሳይ ይታመናልን?

የልጅ ልጄ መካኒሳ ከቤታችን ደጅ ተቀምጦ፣ ስለ ጥንት ነገሥታት የሚተርክ፣ ማንጋ የሚሉትን የጃፓን ሥዕላዊ መጽሐፍ ሲያነብ፣ «አባባ፣ ድኻው ባንድ ሌሊት ባለጸጋ ሆነ፤ ይህ ይታመናል?» ብሎ ጠየቀኝ።

መልሱን ከአገራችን መጽሐፍ ፈለግሁለት። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ባሳተሙት፣ ኋላ «ጦቢያ» በተባለው ልብ ወለድ፣ አባት በጦርነት ተማርኮ ቤተ ሰቡ ሲጨነቅ አንድ የማያውቁት ነጋዴ የማስለቀቂያውን ገንዘብ ይሰጣል። ይህ ብቻውን ተረት ይመስላል። ነገር ግን ልጁ ዋህድ ያን ቸር ሰው ፈልጎ ወሮታውን ሊመልስ ከቤቱ ይወጣል፤ ስለዚህም መከራ ይቀበላል። ያን ጊዜ ስጦታው እውነት ይሆንልናል። በፍጻሜው ግን ንጉሡ ክርስቲያን ሆኖ ጦቢያን ሲያገባ፣ ደስታው ዕዳ የለበትምና ልቤ ይጠራጠራል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሲሳይን የሚያሳምነው አመጣጡ ሳይሆን የተቀባዩ ምላሽ ነው።

ለእኔም በልጅነቴ አንድ የማላውቀው ሰው የትምህርት ቤት ክፍያዬን ከፍሎልኛል። ይህን ለልጁ ባጫውተው፣ «ማን ነበር?» አለኝ። ስሙን ጠይቄ አላውቅም። ልጁም ፈገግ ብሎ ወደ መጽሐፉ ተመለሰ፤ አላመነኝም። አልፈረድሁበትም፤ ዋህድ የሄደውን መንገድ እኔ አልሄድሁምና።