የሩቁ ባልንጀራ

ፍቁራን ምእመናን ሆይ፥ የሰው ልጅ ሁሉ ከአንድ አባት ከአዳም የተወለደ መሆኑን ሁላችን እናምናለን፤ ነገር ግን በአፍ ማመን አንድ ነው፥ በኑሮ መግለጥ ግን ሌላ ነው። የሕዝቦች አለመተዋወቅ ጥርጣሬንና ጠብን እንደሚወልድ የተገነዘበው ዩኔስኮ የተባለው ድርጅት፥ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተፈጸመ ከ8 ዓመት በኋላ፥ በ1953 እ.ኤ.አ.፥ በ15 አገሮች የሚገኙ 33 ትምህርት ቤቶችን በአንድ ዓላማ አስተባበረ፤ ዛሬም ቍጥራቸው ከ12,000 በላይ ሆኗል። ከዚህም ሌላ የተለያየ አገር ትምህርት ቤቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይወዳጃሉ፤ ተማሪዎቻቸውም እየተጻጻፉ «የዓለም ዜግነት» የሚባለውን ይማራሉ።

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ወደ እኔ መጥቶ፥ «የኔታ፥ ከባሕር ማዶ ያሉ ተማሪዎች ደብተርና እርሳስ ላኩልን፤ መልስ እንድጽፍም ታዘዝሁ። እነርሱ ሁሉ ነገር አላቸውና ከምስጋና በቀር ምን እጽፋለሁ?» አለኝ።

ይህ ጥያቄ ልቤን ነካው። ስለ ስጦታ ማመስገን ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ወዳጅነቱ በዚህ ካበቃ፥ አንዱ ልጅ ለመስጠት ብቻ፥ ሁለተኛው ለመቀበል ብቻ የተፈጠረ ይመስለዋል። አንዱ ትዕቢትን፥ ሌላው ኀፍረትን ይማራል እንጂ ባልንጀራውን አያውቅም። ጌታችን ስለ ባልንጀራ ሲያስተምር የተናቀውን ሳምራዊ ረጂ አድርጎ ያሳየን ስለዚህ ነው። በልጅነቱ ተማርኮ ወደ አክሱም የመጣው ፍሬምናጦስስ ምን ይዞ መጣ? እጁ ባዶ ነበረ፤ ነገር ግን በ4ኛው መቶ ዓመት ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስናን ተቀብሎ አባታችን አባ ሰላማ ሆነልን።

ስለዚህ ልጁን፥ «ልጄ፥ የጥምቀትን በዓል እንዴት እንደምናከብር ጻፍለት፤ የቅዱስ ያሬድን ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ ንገረው፤ ከዚያም የሚያስደስተውንና የሚያሳዝነውን ጠይቀው» አልሁት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መልሱን ይዞ መጣ። ያ የሩቅ ልጅ አያቱ መሞታቸውን ገልጦ፥ «በአገራችሁ ኀዘንተኛ እንዴት ይጽናናል?» ሲል ጠይቆታል። ሁሉ ነገር አለው የተባለው ልጅ መጽናናትን አጥቶ ተገኘ። የእኛም ልጅ ስለ ለቅሶና ስለ ዕድር፥ ስለ ፍትሐትና ስለ ተዝካር ለመጻፍ እናቱንም እኔንም ይመረምር ጀመር።

አንዳንድ አባቶች ልጆቻችን ከባዕድ ጋር ሲወዳጁ የራሳቸውን ይረሳሉ ብለው ይፈራሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ እጁን ለመቀበል ብቻ የሚዘረጋ ልጅ የራሱን መናቁ አይቀርምና። የሚጠየቅ ልጅ ግን መልስ እንዲያገኝ ወደ ቤቱና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይመለሳል። እንግዲህ መምህራንና ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችን ደብዳቤ ሲጽፉ የሚሰጡት ነገር እንዳላቸው እናሳውቃቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።