ሰውነትሽም ሐቅ አለው



ከሳምንታት በፊት አንዲት እህት በውስጥ መስመር «ኡስታዝ፣ ዮጋ መሥራት ሐራም ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ዛሬ የማነሳው ፈቃዷን ጠይቄ ነው።

እኔም ዘርዘር አድርጌ መለስኩላት። ዮጋ ከሂንዱ እምነት ጋር የተያያዘ ሥር እንዳለው፣ ማንትራ መደጋገምም ሆነ ለፀሐይ ሰላምታ ብሎ ማጎንበስ ለሙስሊም እንደማይሆን ነገርኳት። የማሌዥያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 አምልኮና ማንትራ የተቀላቀለበትን ዮጋ መከልከሉን፣ የኢንዶኔዥያ ዑለማዎች ምክር ቤትም በ2009 የአምልኮ ነገር ያለበትን ከልክሎ ስፖርት ብቻ የሆነውን መፍቀዱን ጨመርኩ። ጥሩ መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር።

እሷ ግን እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ጀዛከላሁ ኸይረን። የምንሠራው ሴቶች ብቻ ሆነን ነው፣ ማንትራም የለውም፤ ሐኪም ለጀርባዬ ያዘዘልኝ ማፍታቻ ነው። የከበደኝ እሱ አይደለም። እናቴን ከቀበርኩ ገና ሁለት ወሬ ነው።»

ወላሂ አፈርኩ። የጠየቀችኝ ሌላ፣ የመለስኩላት ሌላ። እናቷ ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ነበሩ። ታነሳቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች። እሷ የምትበላው ቆማ፣ ከእናቷ ሳህን የተረፈውን ነበር። ወገቧ የተጎዳው በዚህ ነው። አሁን ደግሞ ማፍታቻውን ስትጀምርና ለራሷ አንድ ነገር ጥዳ ስትበላ፣ ከዘመድ አንዷ «የእናቷ አፈር ሳይደርቅ» አለች። ቃሉ ልቧ ውስጥ ገባ።

እህቴ፣ አንቺም ይህን የምታነቢው፣ ሸሪዓችን የሐዘንን ቀን እንደቆጠረ ታውቂያለሽ? ሴት ለባሏ አራት ወር ከአሥር ቀን ከጌጥ ትቆጠባለች። ለሌላ ዘመድ ግን፣ ለአባትም ለእናትም ቢሆን፣ ከሦስት ቀን አያልፍም። የምእመናን እናት ኡሙ ሐቢባ (ረዲየላሁ ዐንሃ) አባታቸው አቡ ሱፍያን ሲሞቱ ሽቶ አስመጡ፤ ከፊሉን ለአገልጋያቸው፣ ከፊሉን በገዛ ጉንጫቸው ላይ ቀቡ። ሽቶ አምሯቸው እንዳልሆነም ተናገሩ፤ ያን ያደረጉት ይህን የሦስት ቀን ወሰን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለሰሙ ነው። ዘገባው በቡኻሪና በሙስሊም ውስጥ አለ። (ኡሙ ሐቢባ በእኛ በሐበሻ ምድር በስደት የኖሩ ሴት ናቸው፤ ለነቢዩ የታጩትም እዚሁ እያሉ ነው።) አባታቸውን ስላልወደዱ ነው? ልባቸው እያዘነ እጃቸው ሱናውን ፈጸመ። ልብ ሦስት ቀን ሲሞላ ዝም አይልም፤ የተወሰነው የልብ ሐዘን አይደለም። የተወሰነው ራስን መተው ነው።

አሁን ወደ ማድቤት እንግባ። እናታችን ዓኢሻ (ረዲየላሁ ዐንሃ) ከቤተሰባቸው ሰው ሲሞት ሴቶች ለለቅሶ ይሰበሰቡ ነበር። ለቀስተኛው ተበትኖ ቤተሰብና የቅርብ ሰው ብቻ ሲቀር፣ ዓኢሻ አንድ ድስት ተልቢና እንዲጣድ ያዛሉ። ከዚያ ሰሪድ፣ ማለትም እንደኛ ፍትፍት ያለ ምግብ ይሠራና ተልቢናው ይፈስበታል። «ብሉ» ይሏቸዋል፤ ተልቢና የታመመን ሰው ልብ እንደሚያሳርፍ፣ ከሐዘንም የተወሰነውን እንደሚያቀል ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰምተዋልና። ይህም በሁለቱ ሶሒሖች ተዘግቧል።

ሰዓቱን ልብ በሉልኝ። ድስቱ የተጣደው ለእንግዳ አይደለም። እንግዳው ሄዷል፣ ቤቱ ጭር ብሏል። የተበላው ሐዘኑ ራሱ ቤት ውስጥ ለቀሩት ነው። እኛ አገር ድንኳን እስኪነሳ ለቀስተኛ ስናበላ እንከርምና ሐዘንተኛዋን የሚያጎርሳት እናጣለን። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ፣ በነጃሺ ፊት ስለ ኢስላም የተናገሩት፣ ሙእታ ላይ ሸሂድ ሲሆኑ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ ሥሩላቸው ብለው አዘዋል፤ የደረሰባቸው ነገር ከራሳቸው ጉዳይ ይዟቸዋልና። በብዙ ሠፈር ግን ነገሩ ተገልብጦ ምግብ የሚሠራው ሐዘንተኛው ሆኗል። ስለዚህ ሌላ ጁምዓ በሰፊው እናወራለን ኢንሻአላህ።

ተልቢና ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አጥሚት ለለመደ ቤት የገብስ አጥሚት ማለት ነው። ስሙ «ለበን» ከሚለው ዐረብኛ፣ ወተት ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ንጣቱና ቅጥነቱ ወተት ስለሚመስል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የገብስ ዱቄት እንዳይጓጉል በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። በዝግተኛ እሳት ላይ ሳትለቁ አማስሉት፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ወፈር ሲል ግማሽ ብርጭቆ ወተት ጨምሩና አንዴ ይንተክተክ። አውርዳችሁ ጥቂት ማር። ስኳር ያለበት ሰው ማሩን ይተወው። ቢስሚላህ ብላችሁ፣ ተቀምጣችሁ ብሉት። ተቀምጣችሁ ያልኩት ለዚያች እህት ነው።

ሰልማን አል-ፋሪሲ አቡ ደርዳእን ሲጎበኙ ቀን በጾም ሌሊት በሶላት ራሳቸውን ጎድተው፣ ሚስታቸውንም ዘንግተው አገኟቸው። አብረው እንዲበሉ አደረጓቸው፣ ሌሊትም መጀመሪያ አስተኟቸው፤ ለሶላት የቀሰቀሷቸው ወደ መጨረሻው ነው። ጌታህ ሐቅ አለብህ፣ ነፍስህም ሐቅ አላት፣ ቤተሰብህም ሐቅ አለው የሚል ምክር ሰጧቸው፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሰልማን እውነት ተናገረ አሉ። ለአቡ ደርዳእ ዒባዳቸው ራስን ለመርሳት ምክንያት ካልሆነ፣ ለእኛ ሐዘናችን ይሆናል?

ለእህታችን ሁለተኛ መልስ ጻፍኩላት፤ ይህኛው አጭር ነበር። ማፍታቻውን እንዳታቋርጥ፣ ማታ ማታ ተልቢና እንድትጥድ፣ ያቺ ዘመድ ደግማ ከተናገረች የኡሙ ሐቢባን ታሪክ እንድትነግራት። በማግስቱ የዱቄቱን መጠን ብቻ ጠይቃ ጻፈችልኝ።

ዛሬ ከዐስር እስከ መግሪብ ባለው ሰዓት ዱዓ ስታደርጉ እናቷን አትርሱልን፤ አላህ ይዘንላቸው፣ ቀብራቸውን ያስፋላቸው። ጁምዓ ሙባረክ።