ሰውነት ማጎልመሻ

የእህቴ ልጅ ጅማ ላይ ስፖርት ሳይንስ ያጠናል። ዘመድ አዝማድ ለቡና በተሰበሰበ ቁጥር ይህቺ ነገር ሳትነሳ ቀርታ አታውቅም።

"አንተ ልጅ፣ ምን ነበር የምትማረው?" ይሉታል ትልቋ አክስታችን።

"ስፖርት ሳይንስ ነው፣ እማማ።"

"ኳስ ማለት ነው?"

"ኳስም አለበት።"

"ኳስማ የሰፈሩ ዱርዬ ሁሉ በነጻ ይራገጠው የለ እንዴ! እናትህ ያን ሁሉ ዓመት የምትቸገረው ለዚህ ነው?"

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ልጁም ለምዶታልና አብሮ ይስቃል። እውነቱን ለመናገር እኔም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበርኩ።

ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን ለጉዳይ ጅማ ሄጄ አገኘሁትና፣ "እስቲ ዘንድሮ ደግሞ ምን አስተማሯችሁ?" አልኩት። ግማሹ ቀልድ ነበር። እሱ ግን ከልቡ መለሰልኝ። በጣም የወደደው ትምህርት አካል ጉዳት ላለባቸው፣ ለአረጋውያንና በሕመም ለደከሙ ሰዎች የአካል እንቅስቃሴን ስለማስማማት የሚያስተምረው እንደሆነ ነገረኝ።

"ማስማማት ስትል?"

"ቀላል ነው፣ ጋሼ። ሰውየው ለጨዋታው አይለካም። ጨዋታው ነው ለሰውየው የሚለካው።"

ስኒዬን አስቀመጥኩ። ከአርባ ዓመት በላይ አስቤው የማላውቀው አንድ ልጅ ድንገት ፊቴ ተደቀነ።

ያደግሁት ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ትናንሽ የቡና ከተሞች በአንዷ ነው። ክፍላችን ውስጥ አንድ ልጅ ነበር። ገና ሕፃን ሳለ ፖሊዮ ይዞት አንድ እግሩ ሰልሏል፤ በዱላ እየተደገፈ ነበር የሚሄደው። በሒሳብ የሚደርስበት አልነበረም። ታዲያ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ እኛ ሹራባችንንና ሸሚዛችንን እያወለቅን ዋንዛው ሥር እንቆልላለን። መምህራችን ወደሱ ዞር ይሉና፣ "አንተ እዚህ አረፍ በል፣ ልብስ ጠብቅ" ይሉታል። እሱም ቁልሉ አጠገብ ይቀመጣል። ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል፣ አራት ዓመት ሙሉ ልብስ ጠበቀ። "ዘበኛው" እንለው ነበር። ካርዱ ሲሰጥ በሰውነት ማጎልመሻ ረድፍ ላይ ሁልጊዜ 50 ተጽፎለት ይመጣል። ማለፊያ መሆኗ ነው፤ የጥበቃ ደመወዝ።

መምህራችን ክፉ ሰው አልነበሩም። እንዲያውም ከሁሉም አስተማሪዎቻችን ደግ እሳቸው ነበሩ። ሲሳደቡም ሲማቱም አላየሁም። ያንን ልጅ የሚያስቀምጡት ስላዘኑለት ነው፤ ማርክ የሚሰጡትም ስላዘኑለት ነው። እኛም ብንሆን አናሾፍበትም፣ ወይም እንደማናሾፍበት እናምን ነበር። ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ይኸው ነው። በክፋት የተሠራ በደል ቢሆን አንዱ ተነስቶ "ነውር ነው!" ይል ነበር። በደግነት ለተሠራ በደል ግን ከሳሽ አይገኝም። ተበዳዩ ራሱ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ይቀመጣል።

አሁን ሌላ ነገር ልጨምር። የዚህ ልጅ ቤተሰቦች የቡና ማሳ ነበራቸው። ለቀማ ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ግማሹ ባዶ ይሆናል፤ እኛም ጉርሻ ለማግኘት ከሰው ማሳ ለቀማ እንሄዳለን። እዚያ ስንሄድ ያ ልጅ ይለቅማል። ዱላውን ግንድ ላይ ያስደግፍና ቅርጫቱን ወገቡ ላይ ያስራል፤ የታችኛውን ቅርንጫፍ ራሱ ይጨርሰዋል። ላይኛው ላይ ሲደርስ እናቱ ወይም ወንድሙ ቅርንጫፉን ሳብ አድርገው ዝቅ ያደርጉለታል፣ እሱ ቀዩን ቀዩን ይለቅማል። ማንም "አንተ አረፍ በል፣ ጆንያ ጠብቅ" አላለውም። ለሕፃንም እንዲሁ ነው፣ ለአሮጊትም እንዲሁ ነው። በቡና አገር ቅርንጫፍ የሚጎነበሰው ለሰው ነው። "መጀመሪያ ቁመት ጨምረህ ና" የሚባል ለቃሚ የለም።

እንግዲህ አያችሁ? ያልተማረችው እናቱ ማሳ ላይ የምታውቀውን ነገር፣ የተማርነው እኛ ሜዳው ላይ አላወቅነውም። ምናልባት ቡናው ስለሚያስፈልግ ይሆናል። ማሳ ላይ የእሱ ሁለት እጆች ይፈለጋሉ። ሜዳው ላይ ግን ማንም አይፈልገውም ነበር። ሰውን ከሥራ ወይም ከጨዋታ "ይቅርብህ" ብለን ስናሳርፈው፣ ከማዘናችን ጋር ሌላም ነገር እየነገርነው ነው፦ "ያላንተም ይሆናል።"

የትምህርቱን ስም ደግሞ ልብ በሉ። ሰውነት ማጎልመሻ። በአማርኛ ሰውነት ገላ ነው፤ ሰው መሆንም ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ሁለቱንም አስበው እንደሆነ አላውቅም። ሁለቱንም ካልን ግን ያ ልጅ ከሁለቱም ቀርቷል። እኛም የሮጥነው ልጆች ቢሆን ገላችን ጎለመሰ እንጂ ሁለተኛው አልጎለመሰልንም።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ ቱግ ሊል ይችላል። "ለአንድ ክፍል አንድ ኳስ በማይደርስበት አገር፣ ለጤነኛው ልጅ እንኳ ሜዳ በሌለበት፣ ምን ዓይነት ቅንጦት ነው የምታወራው?" ይለኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ችግሩ ሁሉ ግን የገንዘብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 አውሮፓ ውስጥ በጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ጎልቦል የተባለ ጨዋታ ተፈጠረ። ምስጢሩ ኳሱ ውስጥ የሚንጫጫ ቃጭል መኖሩ ነው፤ ተጫዋቹ ኳሱን በጆሮው ይከተላል። ቃጭል ከሌለ በጨርቅ ኳስ ውስጥ ጥቂት ቆርኪ መስፋት ማንን ይገድላል? የተቀምጦ መረብ ኳስ የሚባለውም መረቡ ዝቅ ያለ መረብ ኳስ ነው። ገመድ ዝቅ አድርጎ ማሰር ስንት ብር ይፈጃል? ያኔ የጎደለን ሐሳቡ ነበር።

ሐሳብ ብቻውን ደግሞ አይበቃም። የእህቴ ልጅ ይህንን አጥብቆ ነገረኝ። የሰለለ ጡንቻ ያለልክ ቢሠራ ይጎዳል፤ የስኳር ሕመምተኛ ሳይበላ ቢሮጥ ሊወድቅ ይችላል፤ ልበ ደካማው ገደቡ ሊታወቅለት ይገባል። "ደግ ሰው ብቻ ከሆንኩ ወይ አስቀምጠዋለሁ ወይ እሰብረዋለሁ" አለኝ። ለዚህ ነው ትምህርት የሚያስፈልገው። ሐኪም በርኅራኄ ብቻ ቀዶ ጥገና አያደርግም፤ የስፖርት መምህርም በከንፈር መምጠጥ ብቻ ሰው አያንቀሳቅስም።

ጉዳዩ የጤናም ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ አካል ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች ለይቶ ጠቅሷል። አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ልጆች ደግሞ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ያስፈልጋቸዋል ይላል፤ ልክ እንደ ማንኛውም ሰው። እግሩ የሰለለ ሰው ልብ አለው፣ ሳንባ አለው፣ ደም ግፊትም ይይዘዋል። ልብስ ጠባቂ ስናደርገው አንዱን እግሩን አይተን የቀረውን ገላውን ሁሉ ረሳነው።

የእኛው አበበ ቢቂላ በዚህ መንገድ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶንን አሸነፈ። በ1969 የመኪና አደጋ ደረሰበትና እግሮቹ መንቀሳቀስ አቆሙ። አገር አለቀሰ። ለሕክምና የተወሰደው እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ነበር። እዚያ ከናዚ ጀርመን የሸሹት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በ1948፣ አከርካሪያቸው ለተጎዳ የቀድሞ ወታደሮች 16 ተወዳዳሪዎች ብቻ የነበሩበት የቀስት ውድድር አዘጋጅተው ነበር፤ የዛሬው ፓራሊምፒክ መነሻው ያ ነው። አበበም በ1970 በዚያው ውድድር ላይ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቀስት አነጣጠረ። በዓመቱ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። ስለ አበበ ስናወራ ከሮምና ከቶኪዮ ቀጥለን የምናነሳው አደጋውንና ሞቱን ነው። በመካከል ያለውን ተጫዋች እንዘለዋለን። ለማዘን ስለሚያስቸግረን ይሆን?

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። አንቀጽ 30 አካል ጉዳት ያለበት ልጅ በትምህርት ቤት ያለውን ጨምሮ በጨዋታና በስፖርት እኩል እንዲሳተፍ ያዛል። ትዕግስት ገዛኸኝ በቶኪዮው ፓራሊምፒክ፣ በ2021፣ በ1500 ሜትር ለአገራችን የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አመጣች፤ በ2024 ፓሪስ ላይም ደገመችው። እዚያው ፓሪስ ላይ ያየሽ ጌቴ ማየት በተሳናቸው ሴቶች ውድድር በ1500 ሜትር ወርቅ አገኘች።

የያየሽን ሩጫ ያየ ሰው ከጎኗ አንድ ወጣት እጅ ለእጅ በአጭር ገመድ ተያይዞ ሲሮጥ አይቷል። መሪ ሯጭ ይባላል። ሕጉ ደስ ይላል። መሪው ሯጯን መጎተት አይፈቀድለትም፣ መግፋትም አይፈቀድለትም፣ መጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ ከእሷ ቀድሞ መግባት አይችልም። ከጎን መሮጥ እንጂ በእሷ ፋንታ መሮጥ የለም። ስለ መረዳዳት ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ይህንን ሕግ ያህል ግልጽ ያለልኝ ግን የለም።

"እሺ፣ ካልፈለገስ? ተቀምጦ ማየት የሚወድ ልጅስ?" የሚል አይጠፋም። ይኑር። ሯጭ መሆን የማይፈልግ ጤነኛ ልጅም ሞልቷል። መቅረት መብት የሚሆነው ግን መግባት ሲቻል ነው። ያ ልጅ ይፈልግ እንደሆነ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ስለዚህ ከጅማ ስነሳ ወደ አዲስ አበባ መመለሴን ትቼ ወደ ትውልድ ከተማዬ አቀናሁ። አገኘሁት። ቡና ይገዛል፤ ገበሬው ያመጣውን እየመዘነ ይረከባል። ልጆቹ ትልልቆች ሆነዋል። ተቃቀፍን፣ ሳቅን፣ ስለሞቱትም ስለተሰደዱትም አወራን። በመጨረሻ ድፍረት አግኝቼ፣ "ያኔ፣ ዋንዛው ሥር ስናስቀምጥህ፣ ምን ይሰማህ ነበር?" አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ "መቀመጡን ለምጄው ነበር። የሚከብደኝ ዝናብ ሲመጣ ነው" አለኝ።

"ዝናብ?"

"የጅማን ዝናብ ታውቀው የለ፣ ድንገት ነው። ሁላችሁም ከሜዳው እየሮጣችሁ ትመጡና የየራሳችሁን ልብስ ነጥቃችሁ ወደ ክፍል ትሮጣላችሁ። እኔ በዱላዬ ቀስ እያልኩ እመጣለሁ። በስብሼ ስገባ እናንተ ደረቅ ሹራብ ለብሳችሁ ተቀምጣችኋል። ልብሱ እንዳይረሳ ነበር እኮ እኔ የተቀመጥኩት።"

ይቅርታ ልጠይቀው ፈልጌ ቃል አጣሁ። እሱም አልጠበቀም። ሚዛኑ ላይ አዲስ ጆንያ ወጥቶ ነበርና ወደ ሥራው ዞረ።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 ከግብርና ኮሌጁና ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ውህደት ሲመሠረት፣ ተማሪን ከክፍል አውጥቶ ወደ ኅብረተሰቡ የመላክን ልማድ ይዞ ነው የተነሳው። በየዓመቱ ወጣቶች ወደ አካባቢው ከተሞችና ቀበሌዎች ይወጣሉ፣ በር ያንኳኳሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይመዘግባሉ። ከእነዚህ በሮች ኋላ በየጓዳው የተቀመጡ ስንት ልብስ ጠባቂዎች እንዳሉ አስባለሁ። የእህቴ ልጅ ዓይነቱ አንድ በአንድ "ምን ትችላለህ?" ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ለአራት ዓመቱ ክፍያ ይበቃኛል።

አዲስ አበባ ተመልሼ ዘመድ ለቡና ሲሰበሰብ፣ አክስታችን እንደ ልማዳቸው ጀመሩ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ይህንን ታሪክ ከነዝናቡ ነገርኳቸው። ስኒያቸውን ይዘው ብዙ ቆዩ።

"ታዲያ" አሉ በመጨረሻ፣ "ይህንን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል?"

"ባያስፈልግ ጥሩ ነበር፣ እትዬ" አልኳቸው።