ስለ ምክር ቃልና ስለ ሰው ነፃነት

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ብሂል ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን አድገናል። ብሂሉ ምክርን ከመካሪው አፍ ወጥቶ በተመካሪው ጆሮ የሚገባ ነገር አድርጎ ይመለከተዋል። ካልገባ ጥፋቱ የሰሚው ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው መምህር መከራ ብቻ ይሆናል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ሌላ ጥያቄ ለማንሣት እንፈልጋለን። ሰውን የሚለውጠው ከሌላው የሚሰማው ቃል ነው ወይስ እሱ ራሱ የሚናገረው? መልሱ ሁለተኛው ከሆነስ፣ ያን ቃል ከአፉ ለማውጣት መጣር ነፃነቱን ማክበር ነው ወይስ በጓሮ በር ገብቶ እሱን መግዛት?

ጥያቄው የመጣብን ከመጻሕፍት ብቻ አይደለም። ከመካከላችን አንድ ወንድማችን ቀን ተማሪ፣ ሌሊት ሠራተኛ ሆኖ ሲኖር፣ መጠጥ ቀስ በቀስ አሸነፈው። ታሪኩን የምንጽፈው በፈቃዱ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ ሦስት ሆነን ወደ ክፍሉ ሄድን። ሻይ አፍልቶ ተቀበለን። ሁለት ሰዓት ያህል በየተራ ተናገርን፤ ትምህርቱን፣ ጤናውን፣ በአገር ቤት እሱን ተስፋ አድርገው የሚኖሩትን ሁሉ ጠቀስንበት። እሱ ከ«እሺ» በቀር አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እኛም በ«እሺ»ው ተደስተን ተመለስን። በቋንቋችን «እሺ» ብዙ ጊዜ «ልክ ናችሁ» ሳይሆን «በቃችሁ» ማለት እንደሆነ ዘንግተን ነበር። ከዚያ ወዲህ በሩን መክፈት ተወ።

በመጠጥ የተጠቁትን የሚረዱ ባለሙያዎች ይህን ስሕተት ካወቁት ቆይተዋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዊልያም ሚለር በ1982 እ.ኤ.አ. ኖርዌይ ውስጥ በበርገን ከተማ ከወጣት ባለሙያዎች ጋር ሲወያይ፣ ጠጪዎችን እንዴት እንደሚያነጋግር እንዲያሳያቸው ጠየቁት። ከዚያ ውይይት የተገኘውን ሐሳብ በ1983 በጽሑፍ አወጣው፤ በ1991 ደግሞ ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር መጽሐፍ አደረገው። የዘዴው መነሻ ቀላል ነው። ጠጪው ሁለት ልብ አለው፤ አንዱ ለመተው፣ ሌላው ለመቀጠል ይሻል። መካሪው የመተውን ወገን ይዞ ሲሟገት፣ ለተመካሪው የሚተርፈው የመቀጠል ወገን ብቻ ነው፤ እሱንም በተከራከረለት መጠን እያመነበት ይሄዳል። ስለዚህ መካሪው ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ የሰማውንም መልሶ ያሰማል እንጂ አይሰብክም። ሚለርና ባልደረቦቹ በ1993 በ42 ጠጪዎች ላይ ያወጡት ጥናት፣ መካሪው ይበልጥ በተጋፈጠ ቁጥር ተመካሪው ከአንድ ዓመት በኋላ ይበልጥ ይጠጣ እንደነበር አሳይቷል።

በ2011 ደግሞ ሣራ ፌልድስታይን ዩዊንግና ባልደረቦቿ ነገሩን እስከ አንጎል ድረስ ተከተሉት። የመጠጥ ጥገኛ የሆኑ 10 ሰዎች ከአማካሪ ጋር ከተነጋገሩ በኋላ፣ በዚያ ንግግር ራሳቸው ያወጧቸው ቃላት በኤም.አር.አይ. መሣሪያ ውስጥ ሳሉ መልሰው ቀረቡላቸው፤ መጠጥን የሚያስታውስ ነገርም ተጨመረበት። የመቀጠል ቃላቸው በቀረበ ጊዜ፣ ምኞትንና ደስታን የሚያስተናግዱት የአንጎል ክፍሎች ለመጠጡ ጉልህ ምላሽ ሰጡ። የመለወጥ ቃላቸው በቀረበ ጊዜ ግን ያ ምላሽ አልታየም።

በዚህ ግኝት ላይ ተመሥርቶ ለመደምደም መቸኮል አይገባም። አሥር ሰዎች ጥቂት ናቸው። መሣሪያውም የሚከታተለው በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ለውጥ እንጂ የሰውን ፈቃድ አይደለም። ቢሆንም ሰው ከራሱ አፍ ያወጣው ቃል ለገዛ አንጎሉ ተራ ድምፅ እንዳልሆነ ይጠቁመናል።

የሞራሉ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ቃልን ከሰው አፍ ማውጣት ኃይል ከሆነ፣ እንደ ማንኛውም ኃይል ለክፉም ይውላል። ወላጆቻችን ይህን በሥጋቸው ያውቁታል። በተማሪው ንቅናቄ ውስጥ ሂስና ግለ ሂስ ሰው ራሱን በራሱ እንዲያርም የታሰበ ልማድ ነበር፤ ነገር ግን ከጓዶቹ መገለልን የሚፈራ ሰው የሚያሰማው ግለ ሂስ የማን ቃል ነው? በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት፣ በየቀበሌው ስብሰባ «ራስህን አጋልጥ» ሲባል፣ ቃሉ የሚወጣው ከሰውየው አፍ ነበር፤ ምንጩ ግን ፍርሃት ነበር።

እንግዲህ ቃሉ ከማን አፍ ወጣ ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ሁለት መመዘኛዎች ያስፈልጉናል። አንደኛው፣ ሰውየው እምቢ ቢል ምን ያጣል? ወዳጁን፣ እንጀራውን ወይም ሕይወቱን የሚያጣ ከሆነ «እሺ»ው የእሱ አይደለም። ሁለተኛው፣ መካሪው የሚሠራበትን ዘዴ ለተመካሪው ገልጦ ሊነግረው ይችላልን? የትኛውን ቃል መልሶ እንደሚያሰማ፣ የትኛውንም በዝምታ እንደሚያልፍ የሚመርጠው መካሪው ስለሆነ፣ ገለልተኛ ነኝ ቢል አይታመንም። ዘዴው ሲነገር የሚከሽፍ ከሆነ ተንኰል ነው፤ ተነግሮም የሚሠራ ከሆነ ግን እርዳታ ይባላል።

ወደ ወንድማችን እንመለስ። ከወራት በኋላ ከሦስታችን አንዱ ብቻውን ሄደ። በመጀመሪያ ይቅርታ ጠየቀው፤ ከዚያም «ያን ዕለት አንተ ምን ልትለን ፈልገህ ነበር?» አለው። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ «እናቴ ስትደውል የማላነሣው ድምፄ እንዳያሳብቅብኝ ነው» ሲል መለሰ። በሁለት ሰዓት ንግግራችን ውስጥ ይህን የሚያህል ምክንያት አላቀረብንም፤ ስለማናውቀውም ልናቀርበው አንችልም ነበር። ዛሬ ወደ አማካሪ ይሄዳል። አንዳንድ ሳምንት ያሸንፋል፣ አንዳንድ ሳምንት ይሸነፋል፤ የእናቱን ስልክ ግን ያነሣል።

እኛ በስደት ያለን ተማሪዎች ንግግር እንወዳለን፤ በስብሰባዎቻችንም ከሚጠይቀው ይልቅ የሚያስረዳው ይበዛል። የተቸገረ ወንድም ወይም እኅት ሲኖረን ከምክራችን በፊት ጥያቄያችንን ይዘን እንሂድ፤ መልሱ ያልጠበቅነው ቢሆንም ለመስማት እንታገሥ። እምቢ ቢሉንም በማግሥቱ ተመልሰን በራቸውን እናንኳኳ እንጂ ለመከራ አሳልፈን አንስጣቸው።