ዘፈን ባለበት ማዕድ ስለ መቀመጥ

አንባቢ ሆይ፥ በሐዋሳ ከተማ የምትኖር ወይም ለትምህርት የመጣህ እንደ ሆንህ ይህ ጥያቄ ሳያጋጥምህ አይቀርም። በመሸ ጊዜ ጓደኞችህ፦ ና፥ እራት እንብላ ይሉሃል። የሚወስዱህም የአገር ሰው ወደ ከፈተው ምግብ ቤት ነው። በዚያም ዓሣና ቆጮ ይቀርባል፤ ጥቂት ቆይቶም በትንሹ መድረክ ላይ መሰንቆና ክራር፥ ከበሮና ኪቦርድ የሚጫወቱ ሰዎች ይወጣሉ። አንተም በልብህ፦ ክርስቲያን በዚህ ቤት መቀመጥ ይገባዋልን? ትላለህ። አንዱ ወንድም ኀጢአት ነው ይልሃል። ሌላው ደግሞ፦ ለእራት ሄደህ ዘፈን ብትሰማ ምን ትሆናለህ ብሎ ይስቅብሃል። እኔ ግን ሁለቱም ጥያቄውን ያለ ቦታው ያቆሙት ይመስለኛል፤ ምክንያቱን እነግርህ ዘንድ ጥቂት ታገሠኝ።

ስለ መብሉ ብዙ መናገር አያሻም። ጌታችን በቃና ዘገሊላ ከሰርግ ቤት ተቀምጧል፥ በቀራጩም ቤት በልቷል፤ ስለዚህም ጠላቶቹ ክፉኛ አምተውታል። በሐዋሳ ማዕድ ላይ የሚቀርበውም ቢሆን የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ዓሣው አብዛኛውን ጊዜ ቆሮሶ ነው፤ አጥማጁ በሐይቁ መረቡን ጥሎ በማለዳ በአሞራ ገደል ያወርደዋል፥ አባ ኮዳ የሚባሉትም ታላላቅ ወፎች የሚጣለውን ለመልቀም ዙሪያውን ቆመው ይጠብቃሉ። ሲዳማዎች ዋሳ የሚሉት ቆጮም ከእንሰት የሚገኝ ነው። እንሰቱ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ሴቶች ይፍቁታል፥ በጉድጓድ ቀብረው ያብላሉታል፥ ጨምቀው ይጋግሩታል። ይህን ሁሉ ድካም አስቦ ከዳጣው እያጠቀሰ በምስጋና የሚበላ ሰው በደል የለበትም። (ዓሣ የጾም ነው ወይስ የፍስክ የሚለውን የቆየ ክርክር ለሌላ ቀን ትቼዋለሁ።)

ቤቱም የአገር ሰው ቤት መሆኑ ሊያስንቀው አይገባም። በትልቁ ሆቴል ክራባት ያሰረ ሰው ፒያኖ ሲመታ ሥልጣኔ ብለን የምናደንቀውን፥ በትንሹ ቤት ሸማ የለበሰ ሰው መሰንቆ ሲመታ ጭፈራ ብለን የምንነቅፈው ስለ ምንድር ነው? ይህን የሚያደርጉ አማኞች አውቃለሁ፤ ነገሩም ቅድስና ሳይሆን ኩራት ነው።

እንግዲህ ወደ ዘፈኑ እንምጣ። በአገራችን በገናን ለእግዚአብሔር፥ ክራርን ለሰይጣን የሚሰጡ ሰዎች ነበሩ፥ ዛሬም አሉ። ሁለቱ ግን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ከእንጨት፥ ከቆዳና ከጅማት የተሠሩ ናቸው። ልዩነቱ በክሩ ላይ ሳይሆን በሚባለው ቃልና በሰሚው ልብ ነው። መጽሐፈ ሲራክን ከቀኖና የሚቈጥሩም የማይቈጥሩም አሉ፤ ነገር ግን በግብዣ ስለ መቀመጥ የሚሰጠው ምክር ለሁሉም ይጠቅማል። ሽማግሌውን እንዲናገር ይፈቅድለትና ዘፈኑን እንዳያውክ ያስጠነቅቀዋል፤ በማዕድ ላይ የሚሰማውንም ዜማ በወርቅ ላይ ከተቀመጠ ዕንቍ ጋር ያመሳስለዋል። ነቢዩ አሞጽ ግን በዝሆን ጥርስ አልጋ ተጋድመው በበገና የሚጫወቱትን ባለጠጎች አጥብቆ ይወቅሳል። ሁለቱን አስተያይ። የአሞጽ ቍጣ በበገናው ላይ አይደለም፤ እየበሉና እየሰሙ ሳሉ የተጨነቀውን ወገናቸውን ስለ ረሱት ነው።

ስለዚህ እኔ የምጠይቅህ፦ በዚያ ቤት ተቀመጥህን? ብዬ አይደለም። በተቀመጥህ ጊዜ የዘፈነልህን ሰው ምን አደረግኸው? ብዬ ነው እንጂ።

ይህንም የምልበት ምክንያት አለኝ። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫውን ፊቼ ጨምበላላን ሲያከብር በሐዋሳ የሚሰበሰበው በሐይቁ አጠገብ በጉዱማሌ ነው። ቀኑን የሚወስኑት ከዋክብትን የሚመለከቱ ሽማግሌዎች ናቸው፤ በዓሉም በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ የሰው ልጅ ባህላዊ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በየቤቱ ከእንሰት፥ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይቀርባል፥ ጎረቤትም አብሮ ይበላል። ሽማግሌዎቹም ሕዝቡ ሥራ እንዲወድ፥ በሐሰት እንዳይመሰክር፥ ዛፍ እንዳይቈርጥ ይመክራሉ። ክርስቲያን ስለ በዓሉ ሥርዓት የራሱ ጥያቄ ሊኖረው ይችላል፤ አንድ ነገር ግን ልብ በል። በዚያ የሚበላው ይዘፍናል፥ የሚዘፍነውም ይበላል። ምግብ ቤት በገባን ጊዜ ግን ነገሩ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ይበላል፥ ሌላው ይዘፍናል፥ በመካከላቸውም ገንዘብ ይቆማል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ሐኪምም መምህርም ስለ ሥራው ይከፈለዋል። ነገር ግን ገንዘብ በመካከል በቆመበት ስፍራ ሁሉ ከሥራው ጋር ሠራተኛውንም የገዛን መስሎ ይታየናል።

ያየኸውን ላስታውስህ። ሰዓቱ ሲገፋ አንድ ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ ዘፋኙ ጠጋ ይልና ስሙን፥ የአባቱን ስም፥ የተወለደበትን አገር በጆሮው ይነግረዋል። ዘፋኙም ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀውን ሰው ጀግና፥ ለጋስ፥ የድኻ አባት እያለ ያወድሰዋል። ሰውዬውም ደረቱን ነፍቶ ብሩን በዘፋኙ ግንባር ይለጥፋል። ይህን ያየ በሌላው ገበታ ያለ ሰው ይቀናል፥ እርሱም ተነሥቶ ይለጥፋል፤ እንዲህ እየተባለ ሌሊቱ ይጋመሳል። የ200 ብር ኖት በ2013 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ አሥር ጊዜ የለጠፈ ሰው 2000 ብር ሰጥቷል ማለት ነው። በዚያው ከተማ በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ይሰፉ ከነበሩት ልጃገረዶች የብዙዎቹ የመነሻ ደመወዝ፥ በ2011 ዓ.ም. እንደ ተጻፈው፥ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበረ። ከእነርሱ አንዲቱ ምናልባት የዚያ ሰው የእኅቱ ልጅ ትሆናለች፤ እርሷ የቤት ኪራይ ብትለምነው ግን የለኝም ይላታል።

መሸለም ሁሉ ክፉ ነው አላልሁም። ዜማ ልብህን ነክቶት ስትሰጥ ምስጋና ነው፥ የአገራችንም መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ራስህን መርምር፤ ዘፋኙ የአንተን ስም ትቶ የጎረቤትህን ስም ቢያነሣ ያንኑ ብር ትሰጠው ነበርን? አልሰጠውም ካልህ የገዛኸው ዜማ ሳይሆን ውዳሴ ነው። ውዳሴንም በገንዘብ የገዛ ሰው ሁለት ሰዎችን ይጎዳል። ራሱን ይጎዳል፥ ያልሆነውን ነህ ሲባል ሰምቶ አምኗልና። ዘፋኙንም ይጎዳል፥ አንደበቱን ለሐሰት ተከራይቶታልና።

አዝማሪ ግን ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ብቻ አልነበረም። በመኳንንት ግብዣ ላይ ቆሞ ጌታውን ማወደሱ እውነት ነው፤ ሆኖም በሰምና ወርቅ አድርጎ ሌላ ሰው ሊናገረው የማይደፍረውን ተግሣጽ በዚያው ጌታ ፊት ያሰማ ነበር። ጠላትም ይህን አውቆ ነበር። በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀን በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፥ ያው ግራዚያኒ ጠንቋዮችንና እየዞሩ የሚዘፍኑትን አዝማሪዎች ይዘው እንዲገድሉ አዘዘ። መድፍና አውሮፕላን የነበረው ሰው የመሰንቆን አንድ ክር ፈራ። ያ የፈራውን አንደበት እኛ በየምሽቱ ስማችንን እንዲጠራልን እንገዛዋለን፤ ቀን በመንገድ ስናገኘው ደግሞ አዝማሪ ብለን እንሰድበዋለን፥ ሴት ልጃችንንም አንድርለትም።

ስለ ሴቶቹም አንድ ቃል ልናገር። ለምትዘፍነው፥ ለምትጨፍረውና ሳህን ለምታቀርበው ልጅ የሰጠኸው ጉርሻ እጅዋን ለመያዝ መብት አያሰጥህም። ይህን ማስረዘም አያስፈልግም፤ እናትህ በዚያ ቤት ብትሠራ ኖሮ የምትቈጣበት ነገር ምን እንደ ሆነ ታውቃለህ።

አሁን ደግሞ ከባድ ነገር በፊትህ ላቅርብ። በማኅበራችሁ ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወት አንድ ወጣት አለ እንበል። አባቱ ሞቷል፥ ታናናሾቹን የሚያስተምረው እርሱ ነው፤ ሥራ ፈልጎ ቢያጣ በአንድ ምግብ ቤት በምሽት እየተጫወተ ደመወዝ ይቀበላል። ነገሩ በተሰማ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ጠርተው ከመዘምራን መካከል ያስወጡታል። ከሽማግሌዎቹም ሁለቱ በዚያው ቤት በቀትር ዓሣ የሚበሉ ናቸው። ምን ትፈርዳለህ? እኔ እንዲህ እላለሁ። ልጁ ሰውን ወደ ስካርና ወደ ርኵሰት የሚጠራ ቃል እንዲያጅብ የተገደደ እንደ ሆነ ያን ሥራ ቢተው ይሻለዋል፤ ግን ተው የሚለው ማኅበር የታናናሾቹን የትምህርት ቤት ክፍያ በዚያው ቀን በገበታው ላይ ማስቀመጥ አለበት። ስለ አገር፥ ስለ ፍቅር፥ ስለ እናት የሚዘፈነውን የሚያጅብ ከሆነ ግን፥ ከመዘምራን ያስወጡት በምን ሕግ እንደ ሆነ አላውቅም። በቀትር የበሉት ዓሣ የተገዛው በምሽት ከተገኘው ትርፍ አይደለምን? በዚህ ፍርድ የማይስማሙኝ ወንድሞች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም፥ በዚህ በር ገብተው የቀሩ ልጆችን ቀብረዋልና። ነገር ግን ፍርሃታቸው ልጁን ብቻ የሚያስከፍል መሆኑን ይመልከቱ።

ስለ መጠጥም ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ሥጋ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን አስብ። አንተ ጠርሙሱን አልፈህ ዓሣህን በልተህ ትወጣ ይሆናል። ከመጠጥ በቅርቡ የተላቀቀ ጓደኛ ያለህ እንደ ሆነ ግን በምሽት ወደዚያ አትጥራው፤ ለእርሱ ስትል ቀን በአሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ አብራችሁ ጠጡ። እዚያ ያለው ዘፈን የወፎቹ ጩኸት ነው፥ እርሱም መጥፎ አይደለም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። አንድ ምሽት ከአንድ ተማሪ ጋር እንዲህ ባለ ቤት ተቀምጬ ስለ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ድምፄን ከፍ አድርጌ እናገር ነበር። አንድ ሽማግሌ መሰንቆውን ይዞ ወደ ገበታችን መጥቶ ዘፈነ። እኔም ፊቱን ሳላይ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው በእጄ ምልክት ሰጠሁት፤ እርሱም እጅ ነሥቶ ሄደ። ወዲያው ምግቡ መጣና ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይሁ። አሜን ባልሁ ጊዜ ተማሪው፦ ጋሼ፥ ለዓሣው አመሰገኑ፤ ሰውዬው ግን ቆሞ ይጠብቅዎት ነበር አለኝ። ያ እራት እንዴት እንዳለቀ አላስታውስም።

በሳምንቱ ብቻዬን ተመልሼ ሄድሁ። ሽማግሌው ዘፍኖ ሲጨርስ ጠርቼ፦ አባቴ፥ እራት በልተዋልን? አልሁት። እርሱም፦ ቤቱ ሲዘጋ ከተረፈው እበላለሁ፥ ጌታዬ አለኝ። ከእኔ ጋር ይቀመጥ ዘንድ ለመንሁት። እርሱ ግን አልተቀመጠም፤ ዞር ብሎ የቤቱን እመቤት ተመለከተ። እርስዋም ከገንዘብ መቀበያው ሆና፦ ይቀመጡ እንጂ፥ ምን ያዩኛል አለችው። እጁን ታጠበና መሰንቆውን ከጕልበቱ አጠገብ አስደግፎ ተቀመጠ፥ ቈርሶም አጎረሰኝ። እስክንጨርስ ድረስ ብዙ አልተነጋገርንም። በመጨረሻ ስሜን ጠየቀኝ። ሊዘፍንበት ነው ብዬ ፈራሁ፤ ቢሆንም ነገርሁት። እርሱም የራሱን ስም ነገረኝና መሰንቆውን አንሥቶ ወደ መድረኩ ተመለሰ።