ለጋብቻ እንዴት እንጠይቅ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ስለ ጋብቻ ጥያቄ ስንነጋገር ብዙዎቻችን የምንጨነቀው በቀለበቱ ዋጋ፣ በአበባውና በመንበርከኩ ነው። የሚወዱትን ለማስደሰት ማሰብ መልካም ነው። ነገር ግን በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 24 የተጻፈውን የርብቃን ታሪክ እንመልከት።

የአብርሃም ሎሌ 10 ግመሎች ይዞ ከውኃው ጕድጓድ ሲደርስ አስቀድሞ ጸለየ። ምልክት ይሆነው ዘንድ የለመነውም መልክን ሳይሆን ደግነትን ነው። የተጠማ ግመል 100 ሊትር ያህል ውኃ ሊጠጣ ይችላል፤ ርብቃ ግን ለግመሎቹ ሳትለመን ቀዳች። የወርቁ ጌጥ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቤተሰቦቿ ከተስማሙም በኋላ ጠርተው ፈቃዷን ጠየቋት፤ እርሷም መሄድን ወደደች።

እንግዲህ እኛም በጸሎት እንጀምር፤ ጠባይን እንመርምር፤ ሽማግሌ ከመላካችን በፊትም የእኅታችንን ፈቃድ ያለ ተመልካች እንጠይቅ። በሰው ፊት የተጠየቀች እኅት እምቢ ለማለት ታፍራለችና። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም የሁለቱን ተጋቢዎች ነፃ ፈቃድ ይጠይቃል። እምቢታዋን በክብር ለመቀበል ያልተዘጋጀ፣ እሺታዋን ለመጠየቅ ገና አልደረሰም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።